ልቤ ምት እየዘለለ ያስደነግጠኛል፦ ጅማ ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሐኪም አይደለሁም፤ 11 ዓመት ሙሉ ልቤ ምት እየዘለለብኝ የኖርኩ የጅማ ሰው ነኝ፣ እነዚህም ከጎረቤት፣ ከዘመድና ከሥራ ባልደረባ ደጋግሜ የምሰማቸው ጥያቄዎች ናቸው።

ልቤ ቀጥ ይልና ድው ብሎ ይነሳል። በእውነት ቆሞ ነው?

አልቆመም። እንዲያውም ቸኩሎ ነው። ልብ የራሱ የኤሌክትሪክ መነሻ አለው። ምቱ ከላይኛው የቀኝ ክፍል ይነሳና ወደ ታች ይወርዳል፣ በዕረፍት ጊዜ በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ጊዜ። አንዳንዴ ግን ሌላ ቦታ ያለ የልብ ሥጋ ተራውን ሳይጠብቅ ቀድሞ ይመታል። ይህ የቸኮለ ምት የሚመጣው ልብ በደም ሳይሞላ ስለሆነ ደካማ ነው፤ ብዙ ጊዜ አይሰማንም። ከዚያ በኋላ ልብ ትንሽ ያርፋል። «ቀጥ አለ» የምንለው ያቺን ዕረፍት ነው። በዕረፍቷ ጊዜ ልብ ከወትሮው የበለጠ ደም ይሞላል፣ ስለዚህ ቀጣዩ ምት ይጠነክራል። ደረታችንን ድው የሚያደርገው እሱ ነው።

ልብ በቀን 100,000 ጊዜ ገደማ ይመታል። ቀንና ሌሊት የሚመዘግብ መሣሪያ ጤነኛ ሰዎች ላይ ቢታሰር፣ አብዛኞቹ ላይ ቢያንስ ጥቂት የቸኮሉ ምቶች ይገኛሉ። አንዳንዱ ሰው ይሰማዋል፣ አንዳንዱ አይሰማውም። እኛ የሚሰማን ነን።

ታዲያ ይገድለኛል?

ሰው ሁሉ ሌላ ሌላውን ጠይቆ ሲጨርስ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ የሚጠይቀኝ ይህን ነው። ልቡ ራሱ ጤነኛ ከሆነ፣ ማለትም ግድግዳው፣ በሮቹና የደም ሥሮቹ ደህና ከሆኑ፣ አልፎ አልፎ የሚዘል ምት በአብዛኛው አይገድልም። የሚያስፈራ ነገር ሁሉ አደገኛ አይደለም። ይህን አምኖ ለመቀበል እኔን ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል።

ግን «ልቡ ራሱ ጤነኛ ከሆነ» ያልኩትን አትዝለሉት። ያን በግምት ማወቅ አይቻልም። እኔም ሆንኩ ጎረቤታችሁ ልንነግራችሁ አንችልም። አንድ ጊዜ ኢሲጂ (የልብን ኤሌክትሪክ ወረቀት ላይ የሚመዘግበውን ምርመራ) መነሳት፣ ካስፈለገም የልብ አልትራሳውንድ መታየት የግድ ነው። እሱን አልትራሳውንድ ሐኪሞች ኢኮ ይሉታል። ምቱ መዝለሉን ታውቁታላችሁ፤ ከሐኪሙ የምትፈልጉት የሚዘለው ልብ ጤነኛ መሆን አለመሆኑን ነው።

መቼ ነው ሳልውል ሳላድር ሆስፒታል መሄድ ያለብኝ?

ራሳችሁን ስታችሁ ከወደቃችሁ፣ ይልቁንም ስትሮጡ ወይም ዳገት ስትወጡ ከሆነ። ደረታችሁን የሚጨቁን፣ ወደ ክንድ ወይም ወደ መንጋጋ የሚሄድ ሕመም ካለ። ትንፋሽ ካጠረ። ቁጭ ብላችሁ ትርታችሁ ከ120 በላይ ሆኖ አልወርድ ካለ። ፊት ከተጣመመ፣ አንድ ክንድ ከዛለ፣ ምላስ ከተሳሰረ ደግሞ አንዲት ደቂቃም አትጠብቁ፤ ያ ስትሮክ ሊሆን ይችላል።

ሕመሙ ባይብስም ቶሎ መታየት ያለባቸው ሰዎች አሉ። ከዚህ በፊት የልብ ሕመም አለባችሁ የተባላችሁ፣ ወይም ከቤተሰባችሁ ውስጥ 40 ዓመት ሳይሞላው ሳይታሰብ ድንገት የሞተ ሰው ያለ ከሆነ ቀጠሮ ያዙ። የቤተሰቡን ነገር ሐኪሙ ባይጠይቃችሁም ንገሩት። እኛ አገር «ተኝቶ አደረ»፣ «ሜዳ ላይ ወደቀ» ተብሎ የሚታለፍ ሞት ብዙ ነው። ለሐኪሙ ግን ትልቅ ፍንጭ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ባጃጅ ወይም መኪና የምትነዱ ከሆነ፣ ራሳችሁን ስታችሁ የምታውቁ ከሆነ፣ እስክትመረመሩ አትንዱ። ወደ ሆስፒታልም ቢሆን ሌላ ሰው ይውሰዳችሁ።

የልቤን ምት ራሴ እንዴት ልቁጠር?

ሁለት ጣት፣ አመልካቹንና የመሐሉን፣ በአውራ ጣት በኩል የእጅ አንጓ ላይ አድርጉ። አውራ ጣታችሁን ለመቁጠር አትጠቀሙበት፤ የራሱ ትርታ ስላለው ያሳስታችኋል። ሙሉ 60 ሴኮንድ ቁጠሩ። ብዙ ሰው 15 ሴኮንድ ቆጥሮ በ4 ያባዛል፤ ምቱ ለሚዘልበት ሰው ይህ አይሠራም። ስትቆጥሩ ፍጥነቱን ብቻ ሳይሆን አካሄዱንም አዳምጡ። እኩል እየሄደ አልፎ አልፎ ይሳሳታል? ወይስ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ቅጥ አምባር የለውም?

የቤት የደም ግፊት መለኪያና የእጅ ሰዓት ላይ የሚታየውን ቁጥር በጥንቃቄ እዩት። አንድ ጎረቤቴ መለኪያው 42 አለኝ ብላ እየተንቀጠቀጠች መጣች። የቸኮለው ምት ደካማ ስለሆነ አንጓ ድረስ አይደርስም፣ ስለዚህ መሣሪያው አይቆጥረውም። አንድ ትክክለኛ፣ አንድ የቸኮለ እያለ ሲሄድ መለኪያው ግማሹን ብቻ ያያል። ኢሲጂ ስትነሳ ልቧ በደቂቃ 84 ይመታ ነበር።

ለምንድን ነው ማታ ስተኛ የሚብሰው?

ቤቱ ጸጥ ይላል፣ አሳባችን ወደ ደረታችን ይመለሳል። በግራ ጎን ስንተኛ ደግሞ ልብ ወደ ደረት ግድግዳ ይጠጋል፣ እያንዳንዱ ምት ይሰማል። ጠግቦ መተኛትና የሆድ መነፋትም ያባብሱታል። ወደ ቀኝ ዙሩ፣ ትራስ ከፍ አድርጉ፣ እራት በጊዜ ብሉ።

ቡና ላቁም?

ጅማ ላይ ይህን በአንድ ቃል መመለስ አይቻልም። ቡና እንግዳ መቀበያችን ነው፣ የለቅሶ ቤት መጽናኛችን ነው፣ የተጣላ የሚታረቅበት ነው። «ቡና አቁሚ» የተባለች እናት ቡናውን ብቻ አይደለም የምታጣው፤ ጎረቤቶቿንም ነው። ብዙ ሐኪም ግን አፉን ሞልቶ «ቡና ተው» ይላል፣ ያልፋል።

መረጃው ከዚያ የተሻለ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት 100 ሰዎችን ልብ በሚመዘግብ መሣሪያ ለሁለት ሳምንት ተከታትሏል። አንዳንድ ቀን ቡና ጠጡ፣ አንዳንድ ቀን ተዉ። ከላይኛው የልብ ክፍል የሚነሱት የቸኮሉ ምቶች በቡና ቀን ያን ያህል አልጨመሩም። ከታችኛው ክፍል የሚነሱት ግን በአማካይ በቀን ከ102 ወደ 154 ከፍ ብለዋል። እንቅልፍም በግማሽ ሰዓት ገደማ ቀንሷል። ስለዚህ ቡና ለሁሉም ሰው ጠላት አይደለም፤ ለአንዳንዱ ግን ይነካካዋል። እናንተ የትኛው እንደሆናችሁ ማወቅ የምትችሉት በራሳችሁ ላይ ሞክራችሁ ነው። ሁለት ሳምንት ቀስ በቀስ ቀንሳችሁ አቁሙ። በአንዴ ካቆማችሁ ራስ ምታቱ አያስቀምጣችሁም። የዘለሉትን ምቶች በየቀኑ ጻፉ። ከዚያ መልሳችሁ ጀምሩና አወዳድሩ።

እኔ እንዲህ ሞክሬ ያገኘሁት የጠዋቱ አቦልና ቶና ምንም አያደርጉኝም። ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ የጠጣሁት ግን ሌሊቱን ይረብሸኛል። ካፌይን ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት 5 ሰዓት ገደማ ይፈልጋል፣ ስለዚህ የማታ ቡና እስከ እኩለ ሌሊት አብሮን ነው። በባዶ ሆድም አልጠጣም፤ ቆሎም ቢሆን እቀምሳለሁ። የጎረቤት ቡና ላይ ግን አልቀርም። በረካው ሲመጣ ስኒዬን ገልበጥ አደርጋለሁ፣ ማንም አይቀየመኝም። ኃይል ሰጪ ተብለው በጣሳ የሚሸጡት መጠጦች ሌላ ነገር ናቸው። ልቡ ለሚዘል ሰው አልመክርም።

ጫትስ?

ለጫት እንዲህ ያለ ለስላሳ መልስ የለኝም። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን የተባለ ንጥረ ነገር አምፌታሚን የሚባለው አነቃቂ ዕፅ ዘመድ ነው። የልብ ምትን ያፈጥናል፣ የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል፣ የደም ሥርን ያጠባል። ቡና በስኒ ተጠጥቶ ያልቃል፤ በርጫ ግን ለሰዓታት ይቀጥላል፣ ልብም ለሰዓታት አብሮ ይሮጣል። ከዚያ ላይ ምግብ አይበላም፣ ሲጋራ ይጨመራል፣ ምርቃናውን ለመስበር ጨብሲ ይከተላል፣ እንቅልፍ ይጠፋል። በማግስቱ ልባችሁ ቢዘል የትኛው እንደሆነ ለመለየት አትድከሙ፤ ሁሉም ናቸው።

ፈተና ሲደርስ ሌሊቱን በጫት የሚያነጉ ተማሪዎች «ልቤ ሊቆም ነው» እያሉ ይደውሉልኛል። እውነቱን እነግራቸዋለሁ፦ መጀመሪያ ጫቱን አቁሙ፣ ውኃ ጠጡ፣ ብሉ፣ ተኙ። በሦስት ቀን ውስጥ አብዛኛው ይረግባል። ካልረገበ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። ለዓመታት የቃመ ሰው ሲያቆም ድካም፣ መነጫነጭና ዱካክ ይመጡበታል። የሚያልፍ ነው። ሐኪም ዘንድ ስትቀርቡ ደግሞ ጫቱን አትደብቁ። ሐኪሙ ሊፈርድባችሁ አልተቀመጠም፤ ካልነገራችሁት ግን የተሳሳተ መድኃኒት ይዛችሁ ልትወጡ ትችላላችሁ።

ሌላ ምን ሊያመጣው ይችላል?

መንስኤው ልብ ውስጥ ያልሆነበት ጊዜ ብዙ ነው። የደም ማነስ አንዱ ነው፤ ደም ሲያንስ ልብ ፍጥነቱን ጨምሮ ያካክሳል። የወር አበባ የሚበዛባት ሴት፣ የሆድ ትላትል ያለበት ሰው፣ ቅርብ ጊዜ የወለደች እናት ይህን ማስመርመር አለባቸው። ሁለተኛው የታይሮይድ ዕጢ ነው። አንገቱ ላይ እንቅርት ያለበት ሰው በአካባቢያችን ጥቂት አይደለም። ዕጢው ከመጠን በላይ ሲሠራ ልብ ይደልቃል፣ እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ሙቀት አይቻልም፣ እየበሉ መክሳት ይመጣል። አንዲት የደም ምርመራ ትለየዋለች። ትኩሳትም ሆነ ተቅማጥ ሊያመጣው ይችላል። ተቅማጥ ውኃውን ብቻ ሳይሆን ፖታሲየሙንም ይዞ ይወጣል፣ ልብ ያለ ፖታሲየም አካሄዱ ይበላሻል።

መድኃኒትም አለ። የአስም መንፊያው ሳልቡታሞል ልብ ያስመታል። አፍንጫ የሚከፍቱ አንዳንድ የጉንፋን መድኃኒቶችም እንዲሁ። የአስም መድኃኒታችሁን በራሳችሁ አታቁሙ፤ ለሐኪም ንገሩና መጠኑ ይታይላችሁ።

ኢሲጂ ተነስቼ «ምንም የለብህም» ተባልኩ። ታዲያ የሚሰማኝ ምንድን ነው?

ይህን ታሪክ በራሴ አውቀዋለሁ። መጀመሪያ የያዘኝ ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ነበር። እስኪነጋ ቁጭ ብዬ አደርኩ። ጠዋት አንድ ክሊኒክ ሄድኩ፣ ኢሲጂ አነሱኝ፣ ጥርት ያለ ነው አሉኝ። አንዱ ሠራተኛ እንዲያውም ሳቅ አለ። ከዚያ ለስምንት ወር የትም አልሄድኩም፣ አፈርኩ። ያ ስምንት ወር እስካሁን ይቆጨኛል።

ኢሲጂ የሚመዘግበው 10 ሴኮንድ ገደማ ነው። በዚያች 10 ሴኮንድ ውስጥ ምቱ ካልዘለለ ወረቀቱ ላይ አይታይም። ያ ማለት ግን ኢሲጂው ከንቱ ነው ማለት አይደለም፤ ልብ ደህና ሲሆን ያለውን መልክም ያሳያል። ጥያቄው ሲዘል የሚሆነውን እንዴት እንያዘው ነው። አንደኛው መንገድ ሆልተር ነው፤ ለ24 ወይም ለ48 ሰዓት ደረት ላይ ተጣብቆ የሚመዘግብ ትንሽ መሣሪያ። ሐኪማችሁን ጠይቁት፤ የት እንደሚገኝ ይነግራችኋል። ሁለተኛው፣ ሲይዛችሁ ወዲያው በአቅራቢያ ወዳለው ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ሄዳችሁ «አሁን እየሆነ ነው፣ አሁን አንሱኝ» ማለት ነው። ወረቀቱን ይዛችሁ ውጡ፣ ቢያንስ በስልክ ፎቶ አንሱት። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከልን የመሰለ ትልቅ ሪፈራል ሆስፒታል ስትቀርቡ ያቺ ወረቀት ከአንድ ሰዓት ወሬ ትበልጣለች።

ደብተር ያዙ። ቀን፣ ሰዓት፣ ምን ትሠሩ ነበር፣ ስንት ደቂቃ ቆየ፣ ትርታው ስንት ነበር፣ ያን ቀን ምን በላችሁ፣ ምን ጠጣችሁ። እኔን ሰምቶ በትክክል የመረመረኝ ሐኪም መጀመሪያ ያዘዘኝ ምን እንደነበር ልንገራችሁ። «ጠረጴዛው ላይ በጣትህ ምታልኝ» አለኝ። መታሁለት። ድብ፣ ድብ፣ ድብድብ፣ ዝም፣ ድው። ከዚያ በኋላ ብዙ አልጠየቀኝም።

«ጭንቀት ነው» አሉኝ። ልመናቸው?

ሊሆን ይችላል። ጭንቀት አድሬናሊን ያፈስሳል፣ አድሬናሊን ልብን ያስመታል፣ የቸኮሉ ምቶችንም ያበዛል። ግን የዘለለው ምት ራሱ ደግሞ ያስጨንቃል። ማን ቀደመ የሚለው ሁልጊዜ አይታወቅም። «ጭንቀት ነው» የሚለው ቃል ተቀባይነት የሚኖረው ኢሲጂ፣ የደም ማነስና የታይሮይድ ምርመራ ከታዩ በኋላ ነው። ከዚያ በፊት ከተባላችሁ በትሕትና «መጀመሪያ ምርመራው ይደረግልኝ» በሉ። ይህን የምለው በተለይ ለሴቶች ነው። ሳይመረመሩ «አታስቢ» ተብለው የሚመለሱትን ብዙ አይቻለሁ።

ምርመራው ንጹሕ ሆኖ ጭንቀት ከሆነ ደግሞ እሱም ሕመም ነው፣ እሱም ይታከማል። አያሳፍርም።

ልቤ ድንገት ይነሳና 180 ይመታል፣ ከዚያ ድንገት ቀጥ ብሎ ይመለሳል። ይኸውም ያው ነው?

አይደለም። አንዳንድ ምት መዝለል አንድ ነገር ነው፤ መብራት እንደማብራትና እንደማጥፋት በአንዴ ተነስቶ በአንዴ የሚቆም ፈጣን ምት ሌላ ነው። ብዙ ጊዜ ሲወለዱ ጀምሮ ያለ ተጨማሪ የኤሌክትሪክ መንገድ ልብ ውስጥ ክብ ሠርቶ ሲዞር የሚመጣ ነው። ወጣቶችንም ይይዛል። አብዛኛውን ጊዜ አይገድልም፣ ግን መታከም አለበት፤ ፈጽሞ የሚያድን ሕክምናም አለው።

ሐኪም ይህ እንደሆነ አረጋግጦ ከነገራችሁ፣ ሲነሳ የምትሞክሩት ዘዴ አለ። ግማሽ ጋደም ብላችሁ የ10 ሚሊ ሊትር መርፌ፣ ያለ መርፌው ጫፍ፣ አፋችሁ ላይ አድርጉና መግፊያው ትንሽ እስኪነቃነቅ ለ15 ሴኮንድ ንፉ። ወዲያው በጀርባችሁ ተዘርጉ፣ ሌላ ሰው እግራችሁን ወደ ላይ ግማሽ ቀና አድርጎ ለ15 ሴኮንድ ይያዝላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2015 የእንግሊዝ ሐኪሞች ይህን ከድሮው፣ እግር ሳይነሳ ከመንፋት ጋር አወዳድረውት ነበር። የድሮው ዘዴ ከ100 ሰው 17ቱን ሲመልስ፣ እግር የሚነሳበት 43ቱን መልሷል። ካልተመለሰ ወይም ካዞራችሁ ወደ ሆስፒታል። ሐኪም ምቱን ለመመለስ አንገት ሲጫን አይታችሁ ይሆናል፤ እናንተ ግን አንገታችሁን ራሳችሁ አትጫኑ። በተለይ ዕድሜ ለገፋ ሰው አደገኛ ነው።

ልጅ ሆኜ መገጣጠሚያዬን ያመኝ ነበር። ከዚህ ጋር ይገናኛል?

ሊገናኝ ይችላል፣ ይህን ጥያቄ ስሰማ ነው እኔ የምደነግጠው። አገራችን ውስጥ የወጣቶችን ልብ ከሚጎዱት ዋነኛው የሩማቲክ የልብ ሕመም ነው። በልጅነት፣ ይልቁንም ከ5 እስከ 15 ዓመት፣ በአግባቡ ያልታከመ የባክቴሪያ የጉሮሮ ሕመም ይነሳል። ከሳምንታት በኋላ ትኩሳትና ከአንዱ መገጣጠሚያ ወደ ሌላው የሚዘዋወር ሕመም ይከተላል። እሱ ያልፋል። ግን የልብ በሮች ቆስለው ይቀራሉ። ዓመታት አልፈው በሩ ሲጠብ የላይኛው የልብ ክፍል ይለጠጣል፣ ምቱም ቅጥ ያጣል። ደም እዚያ ውስጥ ይረጋና ወደ አንጎል ሄዶ ስትሮክ ያመጣል።

ስለዚህ ትርታው ጨርሶ ሥርዓት የሌለው ከሆነ፣ ዳገት ስትወጡ ትንፋሽ ካጠረ፣ ወይም ጋደም ስትሉ የሚያፍናችሁ ከሆነ፣ የልብ አልትራሳውንድ ሳትታዩ አትቅሩ። ሕመሙ ያለበት ሰው በየ3 ወይም 4 ሳምንቱ የፔኒሲሊን መርፌ ይወስዳል። አንድም ቀጠሮ አታሳልፉ። ደም የሚያቀጥን ዋርፋሪን የታዘዘለት ደግሞ የደም ክትትሉን አያቋርጥ፣ በራሱ መጠን አይለውጥ። ለወላጆች፦ የልጅን ጉሮሮ በመድኃኒት አሳክሙ። እንጥል ማስቆረጥ ይህን ሕመም አይከላከልም፤ ለሌላ ጉዳት ያጋልጣል።

እርጉዝ ነኝ፣ ልቤ ይደልቃል።

በእርግዝና የደም መጠን እስከ ግማሽ ድረስ ይጨምራል፣ የልብ ምትም በደቂቃ ከ10 እስከ 20 ከፍ ይላል። ስለዚህ መደለቁ ብዙ ጊዜ የተለመደ ነው። የደም ማነስ ካለ ግን ይብሳል፤ የብረት ክኒናችሁን ሳትታክቱ ውሰዱ። ቡናም በእርግዝና ከሰውነት ቶሎ አይወጣም፣ ቀነስ አድርጉ። ጋደም ማለት ካቃታችሁ ወይም ሌሊት አፍኗችሁ ከነቃችሁ ዝም አትበሉ። ለዓመታት ተደብቆ የኖረ የልብ በር መጥበብ ብዙ ጊዜ የሚገለጠው በእርግዝና ነው።

መጾም እችላለሁ?

ልቡ ጤነኛ ሆኖ ምት ብቻ የሚዘልበት ሰው አብዛኛውን ጊዜ ይችላል። ረመዳን ላይ ችግር የሚፈጥሩት ድርቀት፣ የእንቅልፍ ማጣትና ኢፍጣር ላይ በአንዴ መጥገብ ናቸው። ሱሁር ላይ ውኃ ጠጡ፣ ኢፍጣርን በተምርና በውኃ ጀምራችሁ ቆየት ብላችሁ ብሉ፣ ቡናውን ከምግብ በኋላ አድርጉት። ለዐቢይ ጾምም እስከ ቀትር በኋላ ለምትቆዩ ያው ነው። የልብ መድኃኒት የምትወስዱ ግን ጾሙ ሳይገባ ሐኪማችሁን አማክሩ። ሰዓቱ ሊስተካከል ይችላል፣ ሊከለከሉም የሚገባቸው አሉ።

ከዚሁ ጋር ደጋግሜ የምሰማው አለ፦ «ዓይን ነው፣ ጸበል ሂድ፣ ዱዓ አስደርግ» ይባላል። እናቴም ብላኛለች። ጸሎቱንም ዱዓውንም አትተዉ፤ ልብን ያረጋጋል። ግን ከኢሲጂው ጋር ይሁን፣ በኢሲጂው ፈንታ አይሁን። መድኃኒት አቋርጦ ጸበል መግባት ግን በጣም አደገኛ ነው።

ስፖርት ልሥራ ወይስ ይብስብኛል?

ተመርምራችሁ ደህና ከተባላችሁ ሥሩ። ጉዳት የሌላቸው የሚዘሉ ምቶች ብዙ ጊዜ ልብ ሲፈጥን ይጠፋሉ፣ ስታርፉ ይመለሳሉ። ያ አያስደንግጣችሁ። እኔ በሳምንት ሦስት ቀን ወደ ጅሬን፣ ወደ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት የሚወስደውን ዳገት በእግሬ እወጣለሁ። መጀመሪያ ላይ በየመቶ ሜትሩ ቆሜ ትርታዬን እቆጥር ነበር። አሁን ላይ ከላይ ከተማዋን እያየሁ አርፋለሁ እንጂ አልቆጥርም። ተቃራኒው ግን ማስጠንቀቂያ ነው። ስትለፉ የሚጀምር ወይም የሚበዛ ከሆነ አቁሙና ታዩ።

ጎረቤቴ ፕሮፕራኖሎል ወስዳ ተሻላት። እኔም ልግዛ?

አትግዙ። ፕሮፕራኖሎል የልብን ምት የሚያረጋጋ ጥሩ መድኃኒት ነው፣ ለሚስማማው ሰው። አስም ያለበትን ግን ትንፋሽ ሊያሳጣው ይችላል። ልባቸው ቀድሞውኑ ቀርፋፋ የሆነና ግፊታቸው ዝቅ የሚል ሰዎችንም ይጥላል። የጀመረ ሰው ደግሞ በአንዴ ማቆም የለበትም፤ ልብ ተመልሶ በኃይል ይነሳል።

«ሐኪሙ ምቱ እየዘለለ እያየ ለምን መድኃኒት አልሰጠኝም?» ብለው የሚቆጡም አሉ። ምክንያት አለው። ካስት የተባለ የአሜሪካ ጥናት በልብ ሕመም ተመትተው ለተረፉ ሰዎች ምት መዝለልን የሚያጠፉ መድኃኒቶች ሰጥቶ ነበር። መድኃኒቶቹ ምቱን አጠፉት። ግን የወሰዱት ካልወሰዱት በላይ ሞቱ፣ እ.ኤ.አ. በ1989 እነዚያ መድኃኒቶች እንዲቆሙ ተደረገ። ከዚያ ወዲህ ሐኪሞች ወረቀቱን ለማሳመር ብለው መድኃኒት አይሰጡም። ምቱ በጣም ሲበዛ ግን ነገሩ ይለወጣል። ከቀኑ ምቶች ውስጥ ከ10 እስከ 15 በመቶ የሚሆኑት የቸኮሉ ከሆኑ፣ ያም ማለት በቀን ከ10,000 በላይ ሲሆኑ፣ ከጊዜ በኋላ ልብን ሊያደክሙ ይችላሉ። ሲታከም ድካሙ ብዙ ጊዜ ይመለሳል። ሆልተሩ የሚያስፈልገው ለዚህም ነው።

ሁሉም ደህና ነው ተብያለሁ፣ ግን አሁንም ሲዘል እሞታለሁ ብዬ እፈራለሁ። ምን ላድርግ?

ይህ ከሁሉም የሚከብደው ነው። አእምሮ ወረቀቱን አንብቦ አምኗል፣ ሰውነት ግን አላመነም። ሲዘል ደረታችን ይኮማተራል፣ ትንፋሻችንን እንይዛለን፣ አድሬናሊን ይፈስሳል፣ ሌላ ምት ይዘላል። እኔን የረዳኝ ትንፋሹን ማስረዘም ነው። በአፍንጫ 4 እየቆጠሩ ማስገባት፣ በአፍ 6 እየቆጠሩ ማውጣት፣ አምስት ደቂቃ ያህል። ረጅም አወጣጥ ልብን የሚያረጋጋውን ነርቭ ያነቃል። ሁለተኛው፣ ሲዘል የያዝኩትን ሥራ አለማቆም ነው። ሽንኩርት እየከተፍኩ ከሆነ እከትፋለሁ። ሦስተኛው፣ ትርታ መቁጠሩን በቀን አንድ ጊዜ፣ ጠዋት ብቻ አደረግኩት። በየሰዓቱ እጅ አንጓ መያዝ ፍርሃቱን ይመግበዋል። ስልክ ላይ ሌሊት ስለ ልብ ማንበብም እንዲሁ፤ ተውኩት።

እንቅልፋችሁ ከጠፋ፣ ብቻችሁን መውጣት ከፈራችሁ፣ ሥራ መሄድ ከተዋችሁ፣ ለአእምሮ ጤና ባለሙያ ንገሩ። ሁለት የማውቃቸው ሰዎች በዚህ መንገድ ከቤት ወጥተዋል፤ አንዷ ከዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዋን መርካቶ ገበያ ሄዳ ስትመለስ ደውላ ነግራኛለች።

አብሮኝ የሚኖረው ሰው ምን ያድርግ?

«ምንም የለብህም» አይበል። «አይዞህ፣ አለሁ» ይበል። አብሮ ቁጭ ይበል፣ አንጓውን ይያዝና ሙሉ አንድ ደቂቃ ይቁጠርለት፣ ቁጥሩን ከነሰዓቱ ደብተሩ ላይ ይጻፍለት። ከላይ ያልኳቸው የአደጋ ምልክቶች ካሉ ሳይከራከር ይዞት ይውጣ። ከሌሉ ውኃ ያምጣለት፣ መስኮቱን ይክፈትለት፣ ስለ ሌላ ነገር ያጫውተው። ባለቤቴ ስለ ዝናቡና ስለ ጓሮው ጎመን ነው የምታወራኝ።